እናቴን ያጠናቻት ልጅ

እናታችሁ በሕይወት ካሉ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ፊታቸውን የታጠቡበትን ውኃ ራሳቸው ቀዱት ወይስ ሰው አቀበላቸው? ቡናቸውንስ ማን ቀዳላቸው? መልሱን ወዲያው ከተናገራችሁ ከእኔ ትሻላላችሁ። እኔ ጠዋት ወጥቼ እናቴን ጠይቄ ማታ ቤቴ መግባት በምችልበት ርቀት፣ እዚህ ሆሳዕና ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ጥያቄውን ያመጣችልኝ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ አያቷን በአካል ሁለት ጊዜ ብቻ ያየች የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት።

የታላቅ ወንድሜ ልጅ ናት። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን ዋና ትምህርቷ የኅብረተሰብ ጤና ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ደውላ፣ በዚያ በሚጣፍጥ ስብርብር አማርኛዋ፣ “አክስቴ፣ ማይነር ጀመርኩ” አለችኝ። ማይነር የሚለውን ቃል በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሃይስኩል ያስተማሩን መምህራን “ሜጀር ጂኦግራፊ፣ ማይነር ታሪክ” እያሉ ነበር ራሳቸውን የሚያስተዋውቁን። ዋናው ትምህርት ላይ ተደርቦ የሚወሰድ ሁለተኛ ዘርፍ ማለት ነው።

“የምን ማይነር?” አልኳት።

“የእርጅና።”

ሳቅኩባት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ ያን ቀን በጣም ነበር የሳቅኩት። እርጅና ሲመጣ ይመጣል፣ ምኑ ይጠናል? ደግሞስ ሃያ አንድ ዓመት ያልዘለለች ልጅ ስለ እርጅና ምን ልታውቅ ነው? እሷ ግን አልተቀየመችኝም። ትምህርቱ ጄሮንቶሎጂ እንደሚባል፣ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣው ሜችኒኮፍ የተባለ ሳይንቲስት እንደሆነ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለዚሁ ብቻ የተቋቋመ ትምህርት ቤት እንዳለ ነገረችኝ። አብረዋት የሚማሩት ሁሉ ሐኪም ለመሆን የሚፈልጉ አይደሉም። አንዱ የቤት ንድፍ ተማሪ ነው፤ ሽማግሌ የማያደናቅፍ ደረጃ መሥራት ይፈልጋል። አንዷ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናት፤ የምታስበው ስለ ጡረታ ገንዘብ ነው።

እኔ ግን በልቤ “ይኼ የፈረንጅ ችግር ነው” ብዬ ዘጋሁት። እኛ አገር ሽማግሌ ይከበራል። በሀዲያም ሆነ በከምባታ “ሴራ” የሚባለው (የአማርኛው ክፉ ሴራ እንዳይመስላችሁ፣ ባህላዊው የመተዳደሪያ ሥርዓት ነው) በአባቶች እጅ ያለ ነው። ሽማግሌ ሲገባ እንነሳለን፣ ምግብ ሲቀርብ ለእሱ ይቀድማል። ከዚህ በላይ ምን እንማራለን?

እናቴ የምትኖረው ከአንጋጫ ወጣ ብሎ ነው። የምትኖርበትን ቤት አካባቢያችንን የምታውቁ ሳልነግራችሁ ትስሉታላችሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ በላከው ገንዘብ የተሠራ፣ ሰባት ክፍል ያለው፣ ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ መስኮቱ ሰፊ ቤት። ሆሳዕና ውስጥም፣ ዱራሜም፣ በየገጠሩም እንዲህ ያለ ስንት ቤት አለ፤ ባለቤቱ እዚያ፣ ቤቱ እዚህ። ወንድሜ በ1999 ዓ.ም. ሲሄድ በመጀመሪያ ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየሰፈሩ በዱቤ ይሸጥ ነበር፤ ኋላ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በሄደ በዓመቱ፣ በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ያ ጥቃት ሲነሳ እናቴ እህል አልቀምስ ብላ ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይደውላል። እሷም በየእሑዱ “ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልጎደለብኝ” ትላለች። ከሰባቱ ክፍል የምትተኛው ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው።

የልጅቱ የማይነር ትምህርት አንድ ሥራ ነበረበት። አንድ ዕድሜው የገፋ ሰው መርጣ የሕይወት ታሪኩን መጠየቅ፣ ከዚያም የዕለት ኑሮውን በቅጽ መሙላት። አያቷን መረጠች። እሷ በስልክ ቪዲዮ፣ እኔ ደግሞ አስተርጓሚ። እናቴ የምትናገረው ከምባትኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙም አትናገር። እዚህ የማሰፍረው ቃሏ ሁሉ የእኔ ትርጉም ነው።

አንድ ቅዳሜ ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፌ ጀመርን። የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ ነበር። እናቴ “መሬት ላራሹ ሲታወጅ አንዱን አዝዬ ሌላውን እርጉዝ ነበርኩ” አለች። አዋጁ የካቲት 1967 ነው፤ ከዚያ ተነስተን ሰባ አንድ ወይም ሰባ ሁለት ላይ ደረስን። የተባበሩት መንግሥታት አረጋዊ የሚለው ከስልሳ ዓመት ጀምሮ ነው። የእኛም መንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በስልሳ ነው። እናቴን ከስንት ዓመትሽ ጀምሮ አረጀሁ ትያለሽ ብንላት፣ “እንሰት መፋቅ ያቃተኝ ለት” አለች። እና አቅቶሻል ወይ? “ኧረ በፍጹም!”

ቀጥሎ ቅጾቹ መጡ። አንደኛው ካትዝ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት ነው። ስድስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። አራተኛውንና አምስተኛውን አካባቢ ስደርስ ለእናቴ መተርጎም አፍሬ ስንተባተብ፣ እሷ ገብቷት “አንቺን እኮ እኔ ነኝ ከዚህ ያወጣሁሽ” ብላ አሳቀችን። ለስድስቱም መልሷ “ራሴ” ነው።

ሁለተኛው ላውተንና ብሮዲ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት ሲሆን ስምንት ነገር አለው፦ ስልክ መጠቀም፣ ገበያ መውጣት፣ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማሰናዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ መጓጓዝ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ ገንዘብ መያዝ። ልጅቱ እንደነገረችኝ ቅጹ ሲወጣ ወንዶች ምግብ ማብሰሉ፣ ቤት ማሰናዳቱና ልብስ ማጠቡ አይቆጠርባቸውም ነበር፤ ለእነሱ አምስት ብቻ። (እዚያም ያው ነው ለካ!) እናቴ ለስምንቱም “ራሴ” አለች። እኔም ስምንት ከስምንት ብዬ ቅጹን ልዘጋ ስል ልጅቱ ከማዶ፣ “አክስቴ፣ አትጠይቂያት። እንድታሳየን በያት” አለች። መምህራቸው ደጋግሞ የሚነግራቸው ይህንን ነው አለች፦ ሰው በልጁ ፊት ሲጠየቅ የሚችለውን ሳይሆን ድሮ ይችል የነበረውን ይመልሳል።

“እማዬ፣ እስቲ ለወንድሜ ደውዪለት።”

ስልኩን አነሳች። አገላበጠችው። ከዚያ ሳታስበው ወደ በሩ ዞር ብላ የጎረቤት ልጅ ስም ተጣራች። ልጁ አልነበረም። ስልኩን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ከቦርሳዬ ብር አውጥቼ ሰጠኋት። በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከሌላው ጋር አስተያየችው፣ ወደ ብርሃን ዞረች። “እነዚህ አዲሶቹ ብሮች ከወጡ ጀምሮ ይምታታብኛል” አለች። አዲሶቹ የምትላቸው በ2013 የወጡትን ነው። በእጇ የያዘችው ባለ ሁለት መቶ ነበር፤ “አንድ መቶ” አለችን።

ከዚያ ቡና ቀዳች። ስትቀዳ አውራ ጣቷን ከሲኒው አፍ ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ ቡናው ጣቷን ሲነካው ታቆማለች። ይህን ነገር ከሁለት ዓመት በላይ አይቼዋለሁ። እርጅና ያመጣው ግድየለሽነት መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አንድ የፋሲካ በዓል እንግዶች በተቀመጡበት “እማዬ፣ ጣትሽን አውጪ እንጂ!” ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ያን ቀን ምንም አልመለሰችልኝም፤ ጀበናውን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ልጅቱ በስልኩ መስኮት አይታ፣ እንግሊዝኛ ቀላቅላ፣ “አክስቴ፣ አያቴ እኮ አታይም” ስትል ያ ፋሲካ ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ቀን በፊት ለባለቤቴ “እናቴ መርሳት ጀምራለች” ካልኩት ዓመት አልፎት ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኛት ድምፁን እስኪያሰማ ድረስ በስሙ አትጠራውም። እኔን ራሴን አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሜ “ማን ልበል?” ብላኛለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። ዕድርም ላይ አትታይም። ስለዚህ ልጅቱ ሦስተኛውን ቅጽ፣ የማስታወስን ነገር የሚለካውን፣ ስታመጣ የምፈራው እሱን ነበር።

ቅጹ ከ30 ነጥብ የሚታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሲሆን በመላው ዓለም ይሠሩበታል። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ይላል። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ ይላል። አንድ ቃል ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ተናገሪ ይላል። ፊደል ላልቆጠረች ሴት! ቀኑን ስንጠይቃት “ከነገ ወዲያ ገበያ ነው” አለች። ትክክል ናት፤ ቅጹ ላይ ግን ለዚህ መልስ ነጥብ የለውም። ከዚያ ዕቃ እያስያዝን ስሙን እንድትናገር ጠየቅናት። አንዱን ዕቃ ዳሰሰችና የማላውቀውን ቃል ተናገረች። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያንኑ ደገመች። “ስሙ ጠፋባት” ብዬ ስህተት ላይ ምልክት አደረግኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጅቱ “ለምን እንዲህ እንዳለች ጠይቂያት” አለችኝ። ጠየቅኳት። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። “የአማቴ ስም እኮ በእሱ ነው የሚጀምረው። እንዴት እጠራዋለሁ?”

በከተማ ላደጋችሁ ላስረዳ። ባሊሻ የሚባል የድሮ ሥርዓት አለ። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከስሙ ጋር በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትንም አትጠራም። በምትካቸው ሌላ ቃል ትጠቀማለች። የባሏ ቤተሰብ ሰፋ ሲል የምትተዋቸው ቃላት ይበዛሉ። አያቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ያንን ዕቃ በትክክለኛ ስሙ ጠርታው አታውቅም። እኔ ሆሳዕና ስገባ ባሊሻ የሚሉት ነገር ከእኔ ጋር ስላልመጣ ቃሉን አላውቀውም። ጠፋባት ያልኩት ቃል የጠፋው ከእኔ ነበር። እሷ እንዲያውም ለአንድ ዕቃ ሁለት ስም ይዛ፣ የትኛውን መቼ እንደማትናገር ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልተሳሳተችም። ልጅቱ ይህንን በጽሑፏ ላይ ሁለት ገጽ ሰጠችው። ማስታወስን መለካት ያለበት የሰውየውን ቋንቋና ኑሮ የሚያውቅ ነው ብላ ጻፈች፤ የሚያውቅ ተብዬዋ እኔ መሆኔን ግን በጨዋነት አለፈችው።

የዓይን ነገር ተነስቶ አያውቅም አልልም። ከዓመት ተኩል በፊት ለጉልበቷ አንድ ክሊኒክ ወስጃት ዓይኗንም ጠቅሼ ነበር። ያያት ወጣት ባለሙያ መብራት እንኳ ሳያበራባት “እናት፣ ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል” አላት። በእርግጥ የሚያስቀይመኝ እሱ አይደለም፤ እኔም “አዎ፣ ዕድሜ ነው” ብዬ አብሬው ራሴን ነቀነቅኩ። ለዚህ በትምህርቱ ስም አለው። በትለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ኤጂዝም ብሎታል፤ ሰውን በዕድሜው ብቻ መመዘን ማለት ነው። የእናቴ ሕመም ግን ዕድሜ የሚባል አልነበረም። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። በዓይን ውስጥ ያለው ምስሪት እየደፈረሰ ብርሃን መከልከሉ ነው። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ምስሪት በሚተካ አጭር ቀዶ ሕክምና ይመለሳል።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት ማታ፣ ልጅቱ ከተሰናበተችን በኋላ።

“ለታናሽሽ ብነግረው ሱቁን ጥሎ ይመጣል። ለአንቺ ብነግርሽ ሆሳዕና ትወስጂኛለሽ። እንሰቴን ማን ያይልኛል?”

እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ ዓመታት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። እናቴ ጓሮ ያለው ባለፈው ሦስትና አራት ዓመት ዓይኗ እየደከመ በእጇ እየዳበሰች የተከለችው ነው። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ የማስበው ሆሳዕና የትኛውን ክፍል እንደምለቅላት ነበር። ታውቀኛለች።

ዕድር ለምን እንዳቆመችም ያኔ ነው የነገረችኝ። ከግቢዋ ወጣ ብሎ ያለው የጎርፍ ቦይ ላይ የተጋደሙት ሁለት እንጨቶች አይታዩዋትም። አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ ለእኛ ግን ላም ረገጠችኝ ብላናለች። “ዕድሩ ስሞት ይመጣልኛል፤ እኔ የፈለግኩት ሳልሞት ዕድሩ ጋ መሄድ ነው” አለች። ከቤቷ ጓሮ ሀምበሪቾ ተራራ ይታያል፤ ሰው ከየአገሩ እየመጣ 777ቱን ደረጃ ይወጣበታል። እናቴን ደግሞ ሁለት እንጨት ከሰው ለየቻት።

ስለ መንግሥት ድርሻ ብዙ አልልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። የጡረታ ሥርዓቱ ግን የተሠራው ደመወዝተኛን ይዞ ነው፤ በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች ተጨመሩበት፤ እንደ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት የፋቀች ሴት ጡረታ የላትም። የምግብ ዋስትናው ሴፍቲኔት ሥራ ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሰባት ክፍል ሴራሚክ ቤት ውስጥ ያለችን ሴት ግን ማን ችግረኛ ይላታል? ጡረታዋ እኛ ነን። የእኛ ቤት ጡረታ ደግሞ በየእሑዱ ይደውልና “ደህና ነኝ” ሲባል ይዘጋል።

ቀዶ ሕክምናው በአንድ ዓይን ተጀመረ። ግማሽ ሰዓት እንኳ የወሰደ አይመስለኝም። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ ስለ እኔ ሽበት የሆነ ነገር ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አላለችም። ቤቷ ስትመለስ ግን ሳሎኑ መሐል ቆማ ዙሪያውን ካየች በኋላ፣ “ይኼ መስኮት ከተሠራ ጀምሮ ተወልውሎ አያውቅም እንዴ?” ብላ ጨርቅ ፍለጋ ሄደች። እንዳትጎነበስ ሐኪሙ ከልክሏት ስለነበር ቀኑን ሙሉ ስንጣላ ዋልን።

ሆሳዕና አልመጣችም። ቦዩ ላይ መደገፊያ ያለው የሲሚንቶ መሻገሪያ አሠራን፤ ዋጋው ከአንዱ ክፍል ሴራሚክ ያንሳል። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ስልክ ገዛንላት። ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ “በየእሑዱ እኮ እጠይቃታለሁ” አለኝ። አሁን በቪዲዮ ነው የሚደውለው፤ “እስቲ ቡና ቅጂ” ይላታል። እሷ የልጁ አመል መስሏት ትቀዳለታለች።

እናንተም የዚህን መጽሔት ቅጠል ገልብጣችሁ እናታችሁ ጋ ስትደርሱ እባካችሁ “ደህና ነሽ?” ብላችሁ አትመለሱ። ቁጭ በሉና ብር ዘርዝሩልን በሏቸው፤ መርፌ ሲያሾልኩ፣ ክኒን ከብልቃጡ ሲያወጡ፣ ደረጃ ሲወርዱ ተመልከቱ። ጣታቸው ሲኒው ውስጥ ከገባም አትቆጡ።

ልጅቱ ጽሑፏን አስገብታ ውጤቷ ሲመጣ ደወለችልን። ኤ ማይነስ አግኝታለች። ለእናቴ ተረጎምኩላት፤ ኤ ትልቁ ነው፣ ማይነሱ ደግሞ ትንሽ መጉደሉን ነው አልኳት። ደስታዋ ፊቷ ላይ ሳለ ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች።

“እኔ ምኑን ስቼ ነው?” አለች።